ወንጭፍ ያወረደው ማር

የማር እንጀራ ሳይሰበር ማሩን ብቻ ማውጣት ይቻላል ብዬ ስናገር ዛሬም የማያምነኝ ሰው አለ። አይመነኝ፣ እኔ ምን ቸገረኝ! በዚህ እጄ ያደረግኩት ነገር ነው። ያውም አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ በገበታና በወንፊት፣ ጣልያን አገሩን ይዞ በተቀመጠበት ዘመን።

እኔ የቆላ ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ፣ ማሽላ ማሳ መሀል ነው። የተዳርኩት ግን ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት የደጋ መንደር ነው። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በሠርጌ ማግሥት ሲቀበለኝ «ምን በደልኩህ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ እኔ፣ ባሌና የባሌ አባት። የባሌ እናት እኔ ሳልመጣ ነው ያረፉት።

አማቴ ሰባ ዓመት የተጠጉ ሽማግሌ ነበሩ። ቀልድ ይወዳሉ፤ ቀልዳቸው ግን ይቆነጥጣል። «ይቺ ቆለኛ ምድጃ ካላቀፈች አታድርም» ይሉኛል። እኔም «የእርስዎ አገር ፀሐይ የምትወጣው ለሰንበት ብቻ ነው እንዴ፣ አባባ?» እላለሁ። ምራት ለአማቷ እንዲህ አትመልስም፤ ነውር ነው። እኔ ግን አፌ አያርፍም። እሳቸውም ሳይወዱት አልቀሩም፤ አንድ ቀን ሳልመልስ ከቀረሁ «ምነው ዛሬ አመመሽ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። ከተዳርኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ እንኳ «ሙሽሪት» ማለታቸውን አልተዉም።

የታወቁ ባለ ንብ ነበሩ። ከቤቱ ጥግና ከወይራው ዛፍ ላይ ሃያ የሚሆን ቀፎ ሰቅለው፣ የእያንዳንዱን ጠባይ እንደ ልጅ ጠባይ ያውቁት ነበር። ያቺ ቁጡ ናት፣ ያቺ ሰነፍ ናት፣ ያቺ ደግሞ እንግዳ አትወድም ይሉኛል። እኔን ግን ወደ ቀፎ አያስጠጉኝም። ማር መቁረጥ የወንድ ሥራ ነው፤ የሴት ሥራ ጠጁን መጣል ነው። «ንብና ሴት አይዋደዱም» ይላሉ፤ ለምን ብዬ ብጠይቅ መልስ የላቸውም።

ጠላት በገባ በሁለተኛው ዓመት ባሌ ጫካ ገባ። ወሬው ደብረ ማርቆስ ካለው የጣልያኖች ምሽግ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም፤ ወታደሮች መጥተው ቤታችንን ከነቀፎው አቃጠሉት። ቤቱ ሲነድ ያላለቀሱት አማቴ ለንቦቹ አለቀሱ። ሰሙ ቀልጦ ሣሩ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ፤ ያንን ቀን ብዙ ላወራው አልፈልግም።

በቀርከሃና በሣር አንዲት ጎጆ ቀለስን። በግንቦት መጨረሻ፣ ዓባይ ሳይሞላ፣ ሁለቱ ወንድሞቼ ከቆላ ሊወስዱኝ መጡ። «ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ፣ ቤት የለሽ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ምን ትሠሪያለሽ? ነይ ወደ አባትሽ ቤት» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና ልቤ ሄዶ ነበር። ብርዱም፣ ጭንቁም፣ ባሌ ይኑር ይሙት አለማወቁም ሰልችቶኝ ነበር። ግን የኅዳር ሚካኤል የማኅበር ተራ የእኛ ቤት ነው፤ ደግሳ የምታቀርብ ሌላ ሴት በቤቱ የለም። ጥያቸው ብሄድ ሰው ምን ይለኛል? «ኅዳር ሚካኤል ይለፍና ኑ፣ እመጣለሁ» አልኳቸው። አማቴ ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጠው ጠፍር ይፍቁ ነበር። ሰምተዋል። የዚያን ቀን አልቀለዱም።

ክረምቱ ሳይከብድ ደብረ ማርቆስ ገበያ ሄድኩና የምስር ማስቀመጫ ስፈልግ አንድ ሣጥን አገኘሁ። ከምሽጉ የወጣ ዕቃ ነው፤ ሻጯ ጣልያኖቹ ሲቀያየሩ ጥለውት የሄዱት ነው አለችኝ። ጥሩ ጣውላ ነው። ክዳኑ ከላይ ይነሣል። ውስጡ ዐሥር ባዶ የእንጨት ክፈፎች ጎን ለጎን ተንጠልጥለዋል። ለምን እንደሚሆኑ ሻጯም አታውቅም፣ እኔም አላወቅኩም። ተሸክሜው ቤት ደረስኩና ክፈፎቹን አውጥቼ ምስሬን ገለበጥኩበት። ለካ ከታች በኩል ቀጭን ክፍተት አለው! ምስሩ በዚያ በኩል ግር ብሎ ወጣ።

አማቴ ሣቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ምነው ልጄ፣ ምስሩ ሲሰለቸው ወጥቶ እንዲሄድ በር ያለው ሣጥን ገዛሽለት?»

ክፈፎቹን ግን ወደዷቸው። አገላብጠው አዩና የሥዕል ክፈፍ ናቸው ብለው ደመደሙ። አንዱን ለነፍስ አባታችን ወሰዱላቸው፤ ቄሱም አመስግነው የሚካኤልን ሥዕል አስገቡበትና ቤተ ክርስቲያን ሰቀሉት። ዘጠኙን እኔ ወደ ሣጥኑ መልሼ፣ ሣጥኑን በንዴት ከጎጆው ጀርባ ወረወርኩት። ጎኑ ግን ሰም ሰም ይሸት ነበር፤ ያንን ልብ አላልኩም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። አደይ አበባ ሜዳውን ሞልቶ ሳለ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሰማዩ ጮኸ። አይሮፕላን መስሎኝ ከእንስራዬ ጋር መሬት ላይ ተኛሁ። አማቴ ግን ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ። የንብ መንጋ ነበር። ጎጆዋን ሁለት ጊዜ ዞረና ከጀርባ ወርዶ ወደ ሣጥኔ፣ ምስሬ በወጣበት በር፣ እየተጋፋ ገባ። ማንም ሳይጠራው፣ ማንም ሳያጥነው! አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው መሬት ሳሙ። ሲነሡ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆኖ ነበር። «ላከልኝ» አሉ። «ሚካኤል ላከልኝ።»

ያን ጊዜ ነው ስለት እንዳለባቸው ያወቅኩት። በሰኔ ሚካኤል ተስለዋል፤ ስለታቸው ከሠመረ በኅዳር ሚካኤል ለማኅበሩ አንድ ገንቦ ጠጅ ሊያቀርቡ። ያኔ አንድ ንብ እንኳ የላቸውም። «ማሩን ከየት እንደማመጣ እሱ ያውቃል ብዬ ነው የተሳልኩት» አሉኝ።

«ስለ ምን ተሳሉ፣ አባባ?»

«ስለት ይነገራል እንዴ? አንቺ ደግሞ!»

ያን ጊዜ አልነገሩኝም፤ ግን ማን ይስተዋል? ልጃቸው ጫካ ነው ያለው። በዚያ ላይ ገና በነሐሴ አንድ መንገደኛ መጥቶ «በደኅና አለ» ብሎ ነግሮን ነበር። ስለቱ እየሠመረ ነው ማለት ነው። እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ ጠጁ ካልቀረበ ስለቱ ይፈርሳል፣ ንቡም ጥሎ ከሄደ ሚካኤል የላከውን መልሶ ወሰደ ማለት ነው። በሁለቱም በኩል ያለው የባሌ ነፍስ ነው ብዬ አሰብኩ። ማር ከገበያ እንዳንገዛ ያለውን ሁሉ የምሽጉ ሰዎች ጠርገው ይወስዱታል።

ጥቅምት ሲጋመስ ማሩ ደረሰ። ድሮ ማር የሚቆረጠው መሸትሸት ሲል በብዙ ጢስ ነበር። በዚያ ዘመን ግን ከመሸ በኋላ እሳት ለሚያሳይ ጥይት ነው፤ በቀን ደግሞ ብዙ ጢስ ከታየ ሽፍታ አለ ተብሎ አይሮፕላኑ ይመጣል። ስለዚህ አማቴ በጠዋቱ ፀሐይ፣ አንዲት ቁራጭ ኩበት አጭሰው፣ ካራቸውን ይዘው ወደ ሣጥኑ ሄዱ። ክዳኑን ሲያነሡ ከሩቅ አየኋቸው። ጎንበስ አሉ፣ ቆዩ፣ ከዚያ ክዳኑን መልሰው ካራውን እንደያዙ ተመለሱ።

«አልቆርጠውም» አሉ።

«ምነው?»

«ቀፎ ቢሆን ከአንድ ጫፍ ቆርጬ የቀረውን እተውለት ነበር። ይሄ ግን ገና አዲስ ነው፣ ያለ የሌለውን ጉልበቱን እንጀራ በመሥራት ጨርሶታል። በእያንዳንዷ ክፈፍ አንድ አንድ እንጀራ ሠርቷል። ያንን ብቆርጥበት፣ በበጋ አበባ የለ፣ በምን ይጠግነዋል? ቤቱን አፍርሼበት ምን ይዞት ይቀመጣል? ኮብልሎ ይሄዳል።» ካራውን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ከሄደ ደግሞ…» አሉና ሳይጨርሱት ቀሩ።

እኔ ግን አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። «አባባ፣ ክፈፎቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ አይደል? እኔ ምስር ስጨምርበት አንስቻቸዋለሁ።»

«ይነሣሉ።»

«ታዲያ ማሩን አፍስሰን እንጀራውን ለምን አንመልስለትም? ቤቱ እንዳለ ነው፤ የሚጎድልበት ስንቁ ብቻ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «የደጋ ማር ውኃ መሰለሽ? እንደ ሸክላ ጭቃ የያዘ ነገር ነው። ብትገለብጪው እስከ ፋሲካ ጠብ አይልልሽም።» ቀጥለውም «ደግሞ አንቺ ንብ ውስጥ ምን አገባሽ?» አሉ። ግን ካራውን አላነሡትም፣ ከፊቴም አልሄዱም። እኔም እንደዚያ ሲሆኑ እሺ ማለታቸው እንደሆነ አውቃለሁ።

«ንብ ሴት የማይወደው ለምንድን ነው? እስቲ ዛሬ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

ጢማቸውን አሻሹ። «የቅቤ ሽታ ይሆናል።»

ይኸው! ስንት ዘመን ሙሉ ያስከለከለን ቅቤ ነው። ወዲያው ምንጭ ወርጄ ራሴን በእንዶድ አጠብኩ። የዚያ ውኃ ብርድ ዛሬም ጥርሴ ውስጥ አለ። ተንቀጥቅጬ ስመለስ አማቴ አሸተቱኝና «አሁን ሰው ሆንሽ» አሉ። ንቡም እንደ እሳቸው ሳያስብ አልቀረም፤ በዚያን ቀን የነደፈኝ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። እሳቸውን ሰባት ጊዜ ነድፏቸዋል፤ ቆጥሬባቸዋለሁ።

በማር የከበዱት ክፈፎች አራት ነበሩ። በሌሎቹ ውስጥ እጭ ስላለ አልነካናቸውም። የመጀመሪያውን አማቴ አነሡት፣ ንቡን በሣር ጭራ ቀስ አድርገው አራገፉት፣ እኔ ተቀብዬ ሮጥኩ። ማር ሲበስል ንብ የእያንዳንዷን ቀዳዳ አፍ በስስ ሰም ይከድናታል። ካራውን በፈላ ውኃ እየነከርኩ ያንን ክዳን ብቻ ገፈፍኩና ክፈፉን ገልብጬ ያዝኩ። ወይ ፍንክች! አማቴ እውነታቸውን ነው። ታዲያ ትንሽ ቢሞቅስ ብዬ ወደ ምድጃው አስጠጋሁት። ማሩ ጠብ ማለት ጀመረ። ደስ ብሎኝ «አባባ! ይዩት!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ዞር ከማለታቸው እንጀራው ሙልጭ ብሎ ከክፈፉ ወጥቶ አመዱ ዳር ተዘረፈጠ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ። ማሩን ለቅሜ አጠለልኩት፤ እንጀራው ግን ሞተ።

አማቴ ባዶውን ክፈፍ ይዘው «አንድ ክፍል ፈረሰበት» አሉ። አለመቆጣታቸው ነው የባሰብኝ፤ ቢቆጡኝ እመልስ ነበር።

ሁለት ቀን አለፈ። እኔም ከጎጆው ደጅ ተቀምጬ ሳስብ ወፍ የገብሱን አውድማ ወረረው። እጄ ሳላዝዘው ከመቀነቴ ወንጭፌን መዘዘ። ቆላ ሳለሁ ልጅነቴን ያሳለፍኩት ማማ ላይ ወጥቼ ከማሽላ ወፍ ስጠብቅ ነው፤ ከመንደሩ ሴት ልጆች በወንጭፍ የምትቀድመኝ አልነበረችም። ጠጠሩን አስገብቼ ሳሽከረክረው ወንጭፉ ከበደኝ። ሁልጊዜም ሲሽከረከር ጠጠሩ ይከብዳል፣ ወደ ውጭ ወደ ውጭ ይላል። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ ነገር ሆነብኝ። ጠጠሩን እንዲህ የሚጎትተው ነገር ማሩንስ ለምን አይጎትተውም? አልኩ። ወፉን ትቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ጎድጎድ ያለውን የእንጨት ገበታ አወጣሁ። በላዩ ቀዳዳው የሰፋ አሮጌ ወንፊት አስቀመጥኩ፤ እንጀራው በክብደቱ እንዳይጎብጥ ወንፊቱ ይደግፈዋል፣ ማሩ ግን ያልፋል። ሁሉንም ከሥር በጠፍር መረብ አቅፌ፣ ሁለቱን የጠፍር ጫፎች እንደ ወንጭፍ ወደ ላይ አወጣኋቸው። አማቴ መጥተው ቆሙ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልወነጭፈው።»

«በስመ አብ! ማር?»

«ማር።»

አልከለከሉኝም። ሁለተኛውን ክፈፍ አመጡልኝ፤ ክዳኑን ገፍፌ ወንፊቱ ላይ አጋደምኩት። እግሬን አንፈራጥጬ ማሽከርከር ጀመርኩ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፤ ማሩ ገበታው ላይ ሲወርድ ጠፍ ጠፍ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ልቤ ዘለለ። ሦስተኛው ዙር ላይ ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ወንጭፍ የለመደ እጅ በሦስተኛው ዙር አንዱን ጫፍ ይለቃል! ለቀቅኩት። ገበታው፣ ወንፊቱ፣ ክፈፉ፣ ማሩ፣ ሁሉም አጥሩን ተሻግሮ ሄደ።

ከአጥሩ ማዶ «ኦ አምላኬ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

የነፍስ አባታችን ነበሩ፤ ስለ ማኅበሩ ሊነጋገሩ እየመጡ ነው። ሮጠን ስንደርስ ገበታው ከእግራቸው ሥር ተደፍቷል። ግማሹ እንጀራ ነጭ ጥምጥማቸው ላይ ተቀምጧል፣ ማሩ በቅንድባቸው ይወርዳል። እኔ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቄሱ ዲማ ገዳም የተማሩ ሊቅ ናቸው፤ በቀላሉ አይደነግጡም። ከጢማቸው በጣታቸው ጠርገው ቀመሱና «መና ከሰማይ ወረደ ሲባል ተምሬአለሁ፤ ከነገበታው ሲወርድ ግን ያየሁት ዛሬ ነው» አሉ።

አማቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሲሥቁ አላየኋቸውም። አጥሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። ሣቃቸው ሲያልቅ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ሁለት ፈረሰ» አሉ። «በቃ፤ ከዚህ በላይ ብንነካው ይሄዳል። ስለቱም ይቅርብኝ።»

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ሰው ፊት አላለቅስም ነበር፣ ቤቱ ሲቃጠል እንኳ አላለቀስኩም። «ስለቱማ አይቀርም!» አልኩ። «እጄ ነው እንጂ ያጠፋው ሐሳቡ ትክክል ነው! ማሩ ሲወርድ ሰምቼዋለሁ!»

ቄሱ ፊታቸውን በምንጭ ውኃ ታጥበው መጥተው የወደቀውን ክፈፍ አነሡ። ግማሹ ተሰብሯል፤ በቀረው በኩል ግን እንጀራው ሳይነካ ቀዳዳዎቹ ባዶ ሆነዋል። ለአማቴ አሳዩአቸው። «ካያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ ይሄ ያያያዝ ጉዳይ ነው። አያያዙ ይስተካከል እንጂ ልጅቱ አልተሳሳተችም» አሉ። «ሦስተኛውን ትሞክር። እኔ ግን በዚህ በኩል እቆማለሁ።» ከኋላዬ ሄደው ቆሙ።

አማቴ ገበታውንና ወንፊቱን ከአጥሩ ማዶ ይዘው መጡ። ሁለቱን የጠፍር ጫፎች አንድ ላይ ቋጠሯቸው። እጄን ሳቡና ጠፍሩን አንጓዬ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥመው አሰሩት፤ አሁን ልልቀቅ ብልም አይለቅም። «በይ ቆለኛ» አሉኝ።

ክፈፉ መጣ። ክዳኑን ገፍፌ ወንፊቱ ላይ አስተኛሁት። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ ጨመርኩ። በሦስተኛው ዙር ጣቴ እንደ ልማዱ ሊለቅ ሲል ጠፍሩ አንቆ ያዘው። አሥር ዙር ያህል ካሽከረከርኩ በኋላ ቀስ ብዬ አቀዘቀዝኩና ክፈፉን በሌላ ጎኑ ገልብጬ ደገምኩት። ራሴ እየዞረ ገበታውን መሬት አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ለማየት ፈራሁ።

አማቴ ወንፊቱን አነሡ። ከሥር ንጹሕ ወለላ ሞልቷል። ክፈፉን ወደ ፀሐይ ሲያነሡት ብርሃኑ በእንጀራው አለፈ፤ አንዲት ቀዳዳ አልተጨፈለቀችም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማር ቆርጠዋል፣ ባዶ እንጀራ ከነሕይወቱ አይተው አያውቁም። አላመሰገኑኝም፤ እሳቸው እንደዚያ አይደሉም። ክፈፉን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ታቦት በቀስታ እየተራመዱ ወደ ሣጥኑ ወሰዱት። አራተኛውንም እንደዚሁ አደረግነው። ፈስሶ ከለቀምነው ጋር ተጨምሮ ለአንድ ገንቦ ጠጅ በቃን።

ጠጁን ጣልኩ፣ ጌሾውን ጨመርኩ። ዋናው ጭንቅ ግን ከዚያ በኋላ ነበር። ይሄዳል ወይስ ይቀመጣል? አማቴ በየማለዳው ከሣጥኑ ፊት ድንጋይ ላይ ይቀመጡና በሩን ያያሉ። እኔም ሥራ እንዳለኝ እያስመሰልኩ በዚያ በኩል እመላለሳለሁ። በስድስተኛው ቀን ጠሩኝ። «እግሩን እዪው» አሉኝ። ንቦቹ እግራቸው ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት ጭነው ይገባሉ። ሊሄድ ያሰበ ንብ ስንቅ ወደ ቤት አያስገባም። ክዳኑን ከፍተን ስናይ የፈረሰውን መጠገን ጀምሯል፤ ባዶዎቹንም እንደገና እየሞላቸው ነው። እልል አልኩ፤ አማቴ «ቀስ በይ፣ ታስደነግጪዋለሽ!» አሉና እሳቸው ራሳቸው ከእኔ በላይ ጮኹ።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኛው ያንን ጠጅ ሲጠጣ «ይሄ ማር ከየት መጣ?» የማይል አልነበረም። ቄሱ ጥምጥማቸውን እየነካኩ «ከላይ ነው የመጣው፣ እኔ ምስክር ነኝ» እያሉ አሣቁን።

በሳምንቱ ወንድሞቼ መጡ። እኔ ግን የሆነ ነገር ተለውጦብኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ያኔ ብጠየቅ አላውቀውም። «አልሄድም» አልኳቸው። «ለምን?» ቢሉኝ «የሚመጣው ዓመት ማሩን ማን ይወነጭፈዋል?» አልኩ። ብርዱ አናቷ ላይ ወጥቶባታል ብለው እየተነጫነጩ ወረዱ። አማቴ ያን ቀን ቀልደኛ ሆነው ዋሉ።

እንዲህ ሦስት ኅዳር አለፈ። በየዓመቱ ራሴን በእንዶድ እታጠባለሁ፣ አማቴ ጠፍሩን አንጓዬ ላይ ያስራሉ፣ እኔ እወነጭፋለሁ። ንቡ በዝቶ እሳቸው ከቀርከሃ ጠርበው ክፈፍ ያለው ሌላ ሣጥን ሠሩ። ከዚያ ጠላት ወጣ። በግንቦት አንድ ቀን ባሌ ጠጉሩ ትከሻውን መትቶ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ እየሄደ ደጃፋችን ላይ ቆመ። የዚያን ቀን ደስታ ልጽፈው ብሞክር አልችልም።

ጥቅምት ሲደርስ ባሌ ካራውን ስሎ ወደ ሣጥኑ ሄደ፤ አባቱ እንዳስተማሩት ሊቆርጥ ነው። አማቴ ከተቀመጡበት «ተው! ቁጭ በል!» ብለው ጮኹበት። «የዚህ ንብ ጌታ አንተ አይደለህም። እሷን ጠይቃት።» ባሌ አፉን ከፍቶ ቀረ። አጥንቱ እስኪደክም ጠላት ያሯሯጠ ሰው ከአንዲት ሣጥን ፊት ተባረረ።

እኔ ሣቄን ይዤ «ግድ የለም፣ አባባ፣ ዘንድሮ ጠላ ይበቃል» አልኩ። «ልጅዎ መጥቷል፣ ስለቱ ደርሷል፣ አልቋል።»

«የማን ስለት?» አሉ።

«የሱ ነዋ።»

«ለሱ የተሳልኩት የታቦት ጥላ ነው። በመጣ በሳምንቱ ለቤተ ክርስቲያን አግብቻለሁ።» ጠፍሩን ከግድግዳው አወረዱና በእጃቸው እያለሰለሱ ቀጠሉ። «ያን ጊዜ ወንድሞችሽ መጥተው ኅዳር ሲያልፍ እመጣለሁ ስትያቸው ሰምቼ ነበር። በሰኔ ሚካኤል ሄጄ፣ ‹ይቺ ልጅ ቤቴን ጥላ አትሂድብኝ፤ እዚህ ባለችበት ዓመት ሁሉ በኅዳር አንድ ገንቦ ጠጅ አቀርባለሁ› አልኩት። ለሱማ እናቱ ከላይ ሆና ትለምንለታለች። ላንቺ ግን በዚህ አገር ከእኔ ሌላ ማን አለሽ?»

ጠፍሩን ጎተት አድርገው ፈተሹት።

«ታዲያ አልቋል ትይኛለሽ! ይኸው አሁንም አለሽ አይደል?»

የምመልሰው ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ። ከተዳርኩ ጀምሮ አፌ እንደዚያ ታስሮ አያውቅም። እንባዬ ብቻ ይወርዳል። አማቴ ቀና ብለው አዩኝና «ምነው ዛሬ አመመሽ?» አሉኝ። ከዚያ እጄን ሳብ አድርገው ጠፍሩን እንደ ወትሮው ሁለት ዙር አሰሩልኝ።